እርድ የመሰለው ምሽት

ታሊን፣ ኢስቶኒያ
ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የማርያምወርቅ፣

የላይኛው ጌታ ጤናዎን ያብዛልኝ፤ የሾላ ገበያ ደንበኞችዎንም አያጉድልብዎ። ሶሬቲ ነኝ፣ የአዳማዋ የሙሉጌጥ ልጅ። በአያቴ ተዝካር ላይ «ይቺ ደግሞ የማን ናት? ጠጉሯ የእኛን ቤት ይመስላል» ብለው ጉንጬን የቆነጠጡኝ።

ድንገት ደብዳቤ ስጽፍልዎ «ምን ፈልጋ ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ፈልጌ ነው፤ ግን ገንዘብ አይደለም። የምፈልገው ምሽት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ ገና ያልተሠሩ ቤቶችን ተሠርተው እንዳለቁ አድርጎ በኮምፒውተር መሣል ነው፤ ያየው ሰው «ፎቶ ነው» ብሎ እስኪከራከር ድረስ። አሁን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ከእርስዎ በር ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ታስቧል። ሥዕሉ ደግሞ ለእኛ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። የቤቱ አሠሪዎች የሚፈልጉት የምሽት ሥዕል ነው፤ ውስጡ መብራት በርቶ፣ ውጪው ገና ሳይጨልም።

ለእኔ እንዴት እንደደረሰኝ ልንገርዎት። ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት «ማታ 12፡15» ይላል። የእኛ ሰዎች እኩለ ሌሊት ያለፈ መስሏቸው ድቅድቅ ጨለማ ሥለው ላኩ። አሠሪዎቹም «ቤታችን የት ሄደ?» ብለው መለሱት። እንዲህ ሲወዛገቡ ሰንብተው ወረቀቱ እኔ እጅ ሲገባ ሳቄ አመለጠኝ። «ይኼ እኮ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ!» አልኳቸው። አለቃዬ ካድሪ «እንግዲያውስ አንቺው ሥሪው» አለችኝ።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። እዚህ ያለሁት በሙከራ ቅጥር ነው። ይህ ሥዕል ከተወደደ ቋሚ እሆናለሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ይታደሳል። ካልተወደደ ከፈረንጆቹ ገና በኋላ ሻንጣዬን ይዤ አዳማ ነኝ። አዳማን ጠልቼ አይደለም፤ ይህን ሥራ ስለምወደው ነው።

እኔ ደግሞ የየካን ምሽት አላውቀውም። ፎቶ ላኩልኝ እንዳልል፣ የስልክ ካሜራ ሲመሽ ይዋሻል፤ ጨለማውን በራሱ ሥልጣን ያበራዋል። ካድሪ «በየቀኑ የሚያየው ሰው ፈልጊ» ስትለኝ እናቴ እርስዎን ጠራች። እባክዎ አንድ ቀን በዚያ ሰዓት በርዎ ላይ ቆመው ያዩትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ሰማዩ ምን ይመስላል? የእንጦጦ ጋራስ? መብራቶቹስ?

አክባሪዎ
ሶሬቲ


አዲስ አበባ፣ የካ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙሉጌጥ ልጅ፣ ለሶሬቲ፣

የየካው ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ የዚያን አገር ብርድ ከላይሽ ላይ ይግፈፍልሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያኮርፈኛል፣ እኔም መልሼ አኮርፈዋለሁ።

እናትሽ «ዘመድሽ ናት» ብላ ላከችሽ አይደል? ቁጭ ብዬ ሐረጉን ቆጠርኩት። የእናትሽ እናትና እኔ የእኅትማማች የልጅ ልጆች ነን። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች አሉ፤ አንቺም ስትቸገሪ እኔን አገኘሽ። ይሁን፣ ደስ ብሎኛል። ብቻ አክስቴ እንዳትዪኝ። አክስት ሲሉኝ ያለ ዕድሜዬ ያረጀሁ ይመስለኛል። እትዬ ይበቃኛል።

ስልክ ላይ ማውራት አይሆንልኝም፤ የተባለውን ነፋስ ይወስደዋል። በእጄ እጽፋለሁ፤ ተከራይዬ በለጡ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። ኮተቤ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ያንቺንም እዚያው አትማ አመጣችልኝ። ፊደሉን አተልቂው ብዬ መልሼ ልኬያት ነበር። የዛሬ ዘመን ማተሚያ ቀለም ይሰስታል መሰለኝ፣ ጉንዳን ነው የሚያስመስለው።

ግን እስቲ ልጠይቅሽ፤ ያልተሠራ ቤት ምን ሊሆን ይሣላል? ያልተወለደ ልጅ ፎቶ ማንሣት አይሆንም? መብራቱስ የት ነው የሚበራው፣ ቤቱ ሳይኖር? ይኼ ነገር ሲገርመኝ ሰነበተ።

እንግዲህ ወደ ምሽትሽ። ትናንት ከሾላ በጊዜ ገባሁና በሬ ላይ ቆምኩልሽ። በለጡ «እትዬ፣ ማንን ይጠብቃሉ?» አለችኝ። «ምሽትን» አልኳት። አበደች ብላለች መሰለኝ።

ሰማዩ እርድ ነው። እውነቴን ነው፣ ሱቄ ውስጥ የምሸጠው እርድ፣ ትንሽ አቧራ የነካው። እንጦጦ ደግሞ እንደ ተቆላ አብሽ ቡናማ ይሆናል፤ ባሕር ዛፉና ጋራው አይለይም፣ አንድ ላይ የተደፈደፈ ነው። የመንገዱ መብራት ሲበራ እያንዳንዱ ቀለበት አለው። ክብ፣ ሰፊ፣ ዳር ዳሩ ቀላ ያለ፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ እንደሚሣለው። ሚኒባስ ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞርማ መብራቱ ተበትኖ መንገዱን ሁሉ ይውጠዋል፤ ሰውም ግድግዳም አይታይ። ምሽት ማለት ይኸው ነው።

ሌላ ወሬ የለም። የጎረቤታችን የአቶ አካሉ ባለቤት አርፋ ለቅሶ ደርሰናል። አዲስ ጥቁር ሹራብ ገዝቼ ለብሼ ብሄድ የእድሩ ሴቶች ከላይ እስከ ታች ገረመሙኝ። ምቀኝነት ነው። በለጡም «እትዬ፣ ይኼ ሹራብ…» ብላ ጀምራ ተወችው። ለሷም ሳያምራት አልቀረም።

ይቅናሽ
የማርያምወርቅ


ታሊን
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ የማርያምወርቅ፣

ቃልዎ የደረሰበት ቤት ሁሉ ይጥገብ! እኔ ጠግቤያለሁ። ደብዳቤዎን ቆሜም ተቀምጬም አነበብኩት። «ያልተወለደ ልጅ ፎቶ» ያሉትን ለካድሪ ብተረጉምላት ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ለምን እንደሚሣል ጠይቀውኛል። ሰው ያላየውን ነገር «እሺ» አይልም፤ አሥር ሰው ስለ አንድ ቤት ሲያወራ አሥር ቤት ነው በሐሳቡ የሚያየው። ሥዕሉ ሲመጣ ግን ጠቡም ስምምነቱም በአንድ ቤት ላይ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቤቱን እንደ ነጭ ጭቃ አቆመዋለሁ፤ ቀለም የለው፣ መስታወት የለው። ከዚያ ፀሐይን አስቀምጣለሁ። አይሳቁብኝ! አገሩንና ቀኑን ስነግረው ኮምፒውተሩ ፀሐይ የት እንደደረሰች ያውቃል። በእርስዎ ሰዓት ፀሐይዋ ከጋራው በታች ወርዳለች፤ የቀረው ሰማይ ላይ የተረፈው ብርሃን ብቻ ነው። ከዚያ በየክፍሉ አምፖል እሰቅላለሁ። መስኮቶቹ ሲበሩ ቤቱ ሰው የገባበት ይመስላል። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ኮምፒውተሩ በራሱ ሰማያዊ ሰማይ ሰጥቶኝ ነበር። «አንተ የካን የት አውቀኸው?» ብዬ አጠፋሁትና የእርስዎን እርድ ቀባሁት። ካድሪ ቅንድቧን አንሥታ ነበር፤ «ያየችው ሴት ናት የነገረችኝ» ስላት ተወችኝ።

እስቲ አሁንም አያስቸግርዎ፤ የመብራቱ ቀለበት ስፋቱ ምን ያህል ነው? የዛፎቹ ግንድ ይታያል? በመንገድ የሚያልፍ ሰው ፊቱ ይለያል? የእጅ ጽሕፈትዎ ደግሞ እንዴት ያምራል! ፊደሉ ግን ምን ያህል ትልቅ ነው፤ አንዱ «የ» ብቻውን ወንበር ይሆናል።

ሶሬቲ


የካ
ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሶሬቲ፣

እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ። ፀሐይን አስቀምጣለሁ ብለሽ የጻፍሽውን በለጡ ስታነብልኝ አማተብኩ። ኋላ ግን ሳስበው ደስ አለኝ። ከዘመዶቻችን መሐል እንዲህ ያለ ሥልጣን ያገኘ ሰው የለም።

ቀለበቱ ሰፌድ ያህላል። ግንድ አይታይም። ፊት? ኧረ ተይኝ፣ ከመሸ የሰው ፊት ማን ያያል? በድምፅ ነው የምንተዋወቀው።

ከመሸ ብዙም አልወጣም። ሱቄንም በጊዜ እዘጋለሁ። ልጄ ባሮክ «እማዬ፣ ይብቃሽ፤ ሱቁን አከራዪውና እኛ ጋ ኮንዶሚኒየም ግቢ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። አንድ ሰበብ ካገኘ ቁልፉን ከእጄ ይወስዳል። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያቆመኝ ያ ሱቅ ነው። ስለዚህ በጊዜ እንደምገባ ለእናትሽም ቢሆን እንዳታወሪ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ሥዕሉ ውስጥ ሰው አለበት? ሰው የሌለበት ቤት ያስፈራል። እኔን አስገቢኝ። በሬ ላይ ቆሜ፣ ዘንቢል ይዤ፣ ያን ጥቁር ሹራቤን ለብሼ። ወገቤን ቀጠን አድርጊው፤ ማን ያውቅብሻል?

የማርያምወርቅ


ታሊን
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ የማርያምወርቅ፣

ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይራቁ። የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

ሥዕሉን አዲስ አበባ ላሉት አሠሪዎች በቪዲዮ ስብሰባ አሳየን። ከዚያ አንዱ «ይኼ ምሽት ነው ወይስ ኅዳር ሲታጠን?» አለ። ቆሻሻው ሁሉ ነድዶ ከተማው በጭስ የታፈነ መስሎታል። ሌሎቹ ሳቁ። አንዲቱ ደግሞ የመብራቶቹን ቀለበት አይታ «የመንገድ መብራቶቻችን መቼ ነው የጸደቁት?» ብላ ጨመረች። ካድሪ ምን እንዳሉ ስትጠይቀኝ መተርጎም አቃተኝ። እስከ ኅዳር ሠላሳ ሌላ እንድናመጣ ነግረውናል፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ መሥሪያ ቤት ይሰጡታል። እኔም ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ ማለት ነው።

የእርስዎን ቃል አልተጠራጠርኩም። እንዳዩት ነው የነገሩኝ። ካድሪ ግን ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሥዕሉ ፊት ለብዙ ጊዜ ቆማ «የነገረችሽ ሴት ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለችኝ። ለምን እንደጠየቀች ነግራኛለች፤ እሱን ቆይተን እንጫወተዋለን።

ሁለት ሥዕል ልኬያለሁ። በለጡ በቀለም ታትምልዎትና በቀን ብርሃን ጎን ለጎን አድርገው ይዩዋቸው። የእርስዎን ምሽት የሚመስለው የትኛው ነው? ልዩነታቸውን አልነግርዎትም። እርስዎ ይንገሩኝ።

ሶሬቲ


የካ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሶሬቲ፣

አየኋቸው። አንድ ናቸው። ምን ትቀልጂብኛለሽ?

እንዲያው ላስደስትሽ ብዬ መስኮት ጋ ይዤ አገላበጥኩ። ሁለቱም እርድ ነው። አንደኛው ላይ መብራቱ ትንሽ ሰፋ ያለ ይመስላል፣ በቃ። በለጡን «ምኑ ነው የተለየው?» ብላት ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ስትጨነቅ አውቃታለሁ። ስጫናት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ አንዱ እኮ ቢጫ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ ነው።» አልበቃ ብሏት «የለቅሶው ሹራብም ሰማያዊ ነው፤ ያኔ ልነግርዎ ብዬ ፈርቼ ነው» አለችኝ!

ጥቁር ነው። ጥቁር ብዬ ነው የገዛሁት።

እኔ በርበሬ አይቼ የማረቆ ይሁን የሌላ አገር የምለይ ሴት ነኝ። አሁን አሁን አሽትቼ ነው፤ ግን እለያለሁ። የኅዳር ጭስ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ ያልፋል። አንቺ ግን ከባሕር ማዶ ሆነሽ እኔን ፈተና ላይ ማስቀመጥሽ ምን ይባላል? እኔ ልርዳት ብዬ በብርድ ቆምኩ፣ እሷ ወረቀት ልካ ታርመኛለች።

ምሽቴ ካልጣመሽ ሌላ ሰው ጠይቂ። ዛሬ ምርቃት የለም።

የማርያምወርቅ


ታሊን
ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ የማርያምወርቅ፣

ቢያኮርፉኝም ፈጣሪ ያክብርልኝ። ቁጣዎ ይገባኛል፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልነበረብኝም። በግልጽ ልናገረው።

ለካድሪ እናትም መብራት ሁሉ ቀለበት ነበረው። ሰማያዊ የሚባል ቀለም ከቤቷ ጠፍቶባት ነበር። ቀስ ብሎ ስለመጣ እሷ አላወቀችም፤ ዓለም እንዲህ ናት ብላ ነበር የምትኖረው። የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኘ። ተገፈፈላትና ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ካድሪ ሥዕሌን ስታይ «ይኼ እናቴ የምትነግረን ምሽት ነው» አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ተሳስቼ እንደሆነ አዲስ አበባ ስመጣ በሾላ ሴቶች ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ይታዩ። እባክዎ። ለባሮክም ለእናቴም ትንፍሽ አላልኩም፣ አልልምም። ለቁልፉ ፈርተው ከሆነ ቁልፉን የሚያስወስደው መታከም ሳይሆን ዝም ማለት ነው። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባል የለ?

ሥዕሌ ስለተበላሸ አይደለም የምጽፈው። ያ ሥዕል የእርስዎ ዓይን ነው። ስንት ቀን ሙሉ ዓይንዎ ውስጥ ተቀምጬ ስሠራ ኖሬ ሰማዩ ያማረ መስሎኝ ነበር። ካድሪ ስትነግረኝ አለቀስኩ። እርስዎ በዚያ ብርሃን መንገድ ያቋርጣሉ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ሶሬቲ


ታሊን
ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ የማርያምወርቅ፣

መልስ የለም። ደኅና ነዎት?

አሠሪዎቹ ስብሰባቸውን ወደ ታኅሣሥ አጋማሽ ገፍተውታል። ኮምፒውተሩ የሰጠኝን ሰማያዊ ሥዕል ማቅረብ እችላለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ስሕተት የለበትም። ግን የማንም አገር ምሽት ነው፤ ታሊንም ይሆናል፣ ናይሮቢም ይሆናል። ካድሪ «ደህና ነው» አለች። «ደህና ነው» ለተባለ ሥዕል ደግሞ ቋሚ ቅጥር አይሰጥም።

ደብዳቤዎን የምጠብቀው ግን ለሥዕሉ አይደለም። አንድ መስመር ይበቃኛል፤ ስድብም ቢሆን።

ሶሬቲ


የካ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶሬቲ፣

ያስቀረሁብሽን ምርቃት ከነውዝፉ ተቀበዪ፤ እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ዓይንሽን ክፉ አይንካው፣ እንጀራሽን ሌላ አይቁረሰው፣ እጅሽ የሣለው ሁሉ ይቁም።

ቀኝ ዓይኔ ተገፈፈ! ግራው ከጥምቀት በኋላ ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ አላስችል አለኝና ሹራቡን ይዤ ሾላ የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁን «ይኼ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብለው «ሰማያዊ ነዋ፤ ያኔም ነግሬዎት ‘ጥቁሩን ነው የያዝኩት’ ብለው ተቆጥተውኝ ሄዱ» አለኝ። ወይ ጉዴ! ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ ለቅሶ ቤት ደረቴን ስመታ ኖሬያለሁ። አቶ አካሉ ምን ብለው ይሆን? በማግስቱ በለጡን «አብረሽኝ ትሄጃለሽ» ብዬ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ገና ሲያየኝ «እስከዛሬ የት ነበሩ?» አለኝ። «በር ላይ ቆሜ ምሽት ሳይ» አልኩት።

ባሮክ ሰማ፤ መቼም አይቀርም። «ቁልፉን…» ብሎ ሲጀምር «ያ ሸሚዝህ አንገቱ ላይ ቆሽሿል፤ መጀመሪያ ሚስትህ ቁልፉን ትውሰድብህ» አልኩት። እጁን ወደ ኮሌታው ላከ።

አሁን ዋናው። እኔ ሁለት ምሽት አለኝ። አንድ ዓይኔን ስሸፍን አንዱ ይመጣል፣ ሌላውን ስሸፍን ሌላው። ትናንት በሬ ላይ ቆሜ ሳፈራርቅ ዋልኩ፣ ማለቴ አመሸሁ። ሰማዩ ሰማያዊ ነው! እንደ ማርያም ጃንጥላ። መብራቱ ደግሞ ምን ያህል ትንሽ ነው፤ ሽምብራ ነው የሚያህለው። ትንሽ አዘንኩ እንኳ፣ ቀለበቱን ለምጄው ነበር። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ሲመሽ ባሕር ዛፉ አንድ ላይ አይጠፋም። ቅጠሉ ቀድሞ ይጠቁርና ከጋራው ጋር ይቀላቀላል፤ ግንዱ ግን ነጭ ነጩን ብቻውን ቆሞ ይቀራል፣ ቅጠል እንደሌለው። ሌላው ሁሉ ከጨለመ በኋላም እሱ ይታያል። ይህን ልጅ ሆኜ አውቀው ነበር፤ ረስቼው ኖሯል። ስንት ዓመት እንዳላየሁት እንጃ። ቆሜ አለቀስኩ፤ ሐኪሙ ደግሞ አያልቅሱ ብሎኝ ነበር።

የተሳቀብሽን የመጀመሪያውን ሥዕልሽን አውጥቼ በዳነው ቀኝ ዓይኔ ብቻ አየሁት፤ ከዚያ ቀና ብዬ ምሽቱን በግራው አየሁ። አንድ ነው። ምንም አላጎደልሽም። እኔ ለሐኪም እንኳ ልናገረው ያላወቅሁትን አንቺ ዓይኔ ውስጥ ገብተሽ ሥለሽዋል። ያን ሥዕል አልጥለውም፤ ሱቄ ውስጥ ከእርዱ በላይ ሰቅዬዋለሁ።

አዲሱን ቶሎ ሥሪ። ግንዱን እንዳትረሺ። እኔንም ከበሩ ላይ እንዳታወርጂኝ፤ ሹራቤን ብቻ ሰማያዊ አድርጊው።

የማርያምወርቅ


ታሊን
ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ የማርያምወርቅ፣

ምርቃትዎ ከደብዳቤው ቀድሞ ደርሶ ነበር መሰለኝ። ትናንት ቋሚ ሆንኩ! ካድሪ ወረቀቱን ስታስፈርመኝ ቸኩዬ ስሜን አበላሸሁት።

አዲሱን ሥዕል ሳሳይ ማንም አልሳቀም። ከአሠሪዎቹ መሐል አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ቃል ያልወጣቸው። ተነሥተው እነሱ ዘንድ ግድግዳው ላይ ወደሚታየው ሥዕል ተጠጉና ነጩን ግንድ በጣታቸው እየነኩ «ይህን ማን ነገራችሁ? ይህን እዚያ ቆሞ ያመሸ ሰው ነው የሚያውቀው» አሉ። ከዚያ ያቺ ስለ መብራቶቹ የቀለደችው ሴትዮ በሩ ላይ ዘንቢል ይዛ የቆመችውን አየችና «ይቺ ባለ ሰማያዊ ሹራብ ደግሞ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አክስቴ ናት» አልኳት።

አይቆጡኝ፤ ሐረጉን ልቁጠር ብል ስብሰባው ያልቅብኝ ነበር።

ልጅዎ
ሶሬቲ